ልጁ አልሄደበትም፤ እሱ ነው የመጣበት

ሰሞኑን በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። ርእሱ «ስለ ፖርን የሚነዛው ፍርሃት» ይላል። በአንድ ቀን ሦስት ባልደረቦቼ ላኩልኝ፤ አንዷማ «አንቺ መልስ ካልሰጠሽበት ማን ይስጥበት?» ብላ ጽፋበታለች። ጸሐፊው የተማሩ ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል፣ አማርኛቸውም ያምራል። ጽሑፉን አንብቦ «እፎይ፣ እንግዲያው ልጄ ደህና ነው» ያለ ወላጅ ብዙ እንደሆነ ከሥሩ ከሰፈሩት አስተያየቶች አይቻለሁ። ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው።

የጽሑፉ ነጥቦች ባጭሩ እነዚህ ናቸው። ወጣቶች የወሲብ ፊልም ማየታቸው አዲስ ነገር አይደለም። ጉዳት እንደሚያደርስ ሳይንስ አላረጋገጠም። ስለ ወሲብ ማንም በማይነግራቸው አገር ቢያንስ አንድ ነገር ይማሩበታል። ነገሩ የወንድ ልጆች ጉርምስና ነው፣ ያልፋል። ማገድ እንደማይሠራ እንግሊዞች ሞክረው አይተውታል። ስለዚህ ለወላጅ ተዉት።

እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ሳስተምር 16 ዓመት ሆኖኛል። በትምህርት ቤታችን የሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ አንድ የካርቶን ሳጥን ተሰቅሏል። ድሮ የፀረ ኤድስ ክበቡ የጥያቄ ሳጥን ነበር፤ ክበቡ እየተዳከመ ሲሄድ እኔ ወረስኩት። ተማሪዎች ስማቸውን ሳይጽፉ ጥያቄ ይከቱበታል፣ ሐሙስ ከፍቼ አነባለሁ፣ ዓርብ በምሳ ሰዓት በማይክ እመልሳለሁ። የምጽፈው ከዚያ ሳጥን ውስጥ ካየሁት ተነሥቼ ነው።

«አዲስ ነገር አይደለም» በሚለው ልጀምር። ጸሐፊው የልጅነታቸውን ቪዲዮ ቤት ያስታውሱና «እኛም ተደብቀን አይተን ነው ያደግነው፣ ምን ሆንን?» ይላሉ። ቪዲዮ ቤቱን እኔም አውቀዋለሁ። የእኛ ሰፈሩ በቆርቆሮ የተከለለ ነበር፤ ውስጡ አግዳሚ ተደርድሮበታል፣ በሩ ላይ ሳንቲም የሚቀበል ጎረምሳ ይቀመጣል። ቀን ቀን የሕንድና የካራቴ ፊልም ነው። ማታ ምን እንደሚከፈት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ታላቅ ወንድሜ 16 ዓመቱ እያለ ሊገባ ሲል ያ በረኛ «አባትህን ልጥራው?» ብሎ መልሶታል። እንግዲህ ነገሩ ቤት ነበረው፣ ሰዓት ነበረው፣ የሚታወቅ ባለቤት ነበረው። ልጁ ራሱ መፈለግ ነበረበት፣ ሳንቲም ማግኘት ነበረበት፣ የሚያውቀውን ሰው ዓይን ማለፍ ነበረበት። ካሴቱም ያልቃል፤ መብራቱ በርቶ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል።

አሁን ያለውን ልንገራችሁ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለወላጆች «ለልጁ ቴሌግራም ክፈቱለት፣ ዎርክሺት የምንልከው በዚያ ነው» ያልነው እኛው መምህራን ነን። ወላጅ ተበድሮ ስልክ ገዛ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ስልኩ አልተመለሰም፤ የቤት ሥራ እስከ ዛሬ በግሩፕ ነው የሚላከው።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ወደ መምህራን ክፍል መጣች። ስልክ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛለች። «ቲቸር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ለማን እንደማሳይ ቸግሮኝ ነው» ብላ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። የ12 ዓመት ልጇ ስልክ ነው። ልጁ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓይኗን አላይ ብሏታል፣ ራት አልበላም ይላል፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይተኛል። በኋላ አባቱ ስልኩን ከፍቶ የወሲብ ቪዲዮ የሚለቀቅበት ግሩፕ ውስጥ አገኘው፤ መታው፣ ስልኩንም ነጠቀው።

ሁለታችን ቁጭ ብለን ግሩፑ እንዴት እንደገባ ወደ ኋላ ተከታተልነው። ልጁ ምንም አልፈለገም፣ ምንም ሊንክ አልነካም። የክፍሉ የቤት ሥራ ግሩፕ ውስጥ የአባላት ዝርዝር ለሁሉም ይታያል። አንድ ማንም የማያውቀው አካውንት እዚያ ገብቶ ኖሮ ልጆቹን እየለቀመ ሌላ ግሩፕ ውስጥ ጨምሯቸዋል። የቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ግሩፕ ውስጥ ማን ሊያስገባህ ይችላል?» የሚል ቦታ አለ፤ ሰው ካልነካው መልሱ «ሁሉም» ነው። ፎቶም ዝም ከተባለ በራሱ ይወርዳል። ልጁ ሒሳብ ሊሠራ ስልኩን ሲከፍት ነው የጠበቀው። በኋላ ሳገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው የነገረኝ፦ «ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም የከፈትኩት።»

ጸሐፊው በሙሉ ጽሑፋቸው ውስጥ «የሚያዩ ወጣቶች»፣ «የሚመርጡ ወጣቶች» ይላሉ። ይህ ልጅ እዚያ ጽሑፍ ውስጥ የለም። ብቻውንም አይደለም። የእንግሊዝ የሕፃናት ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት ከ16 እስከ 21 ዓመት ያሉ አንድ ሺህ ያህል ወጣቶችን እ.ኤ.አ. በ2025 ጠይቆ ነበር። ከመለሱት 59 በመቶው ፖርን ያዩት ሳይፈልጉት በአጋጣሚ ነው ብለዋል፤ ከሁለት ዓመት በፊት ያው ጥያቄ ሲጠየቅ 38 በመቶ ነበር። 27 በመቶው 11 ዓመት እስኪሞላቸው አይተዋል። ከሁሉ በላይ ያገኙትም ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ድረ ገጽ ሳይሆን የድሮው ትዊተር በነበረው ኤክስ ላይ ነው። ይህ ቪዲዮ ቤት አይደለም፤ ቪዲዮ ቤት ልጁ ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሎት አይመጣም ነበር።

«ሳይንስ አላረጋገጠም» ወደሚለው ልለፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፣ እሱን ልስጣቸው። «የፖርን ሱስ» የሚባል ሕመም በዚህ ስም በዓለም ጤና ድርጅት መዝገብ ውስጥ የለም። «ፖርን አንጎል ያቀልጣል» እያሉ በቲክቶክ የሚጮኹት ሰዎች ልጆችን ከማስደንገጥ በቀር ምንም አልረዱንም። ድርጅቱ በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው ላይ፣ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ማለቴ ነው፣ የመዘገበው ሌላ ነው፦ ሰው የወሲብ ግፊቱን መቆጣጠር አቅቶት፣ ነገሩ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ቆይቶ፣ ትምህርቱን ወይም ሥራውን ወይም ቤቱን ሲያበላሽበት ሕመም ነው ይላል። ከሱሶች ጋር ሳይሆን ግፊትን ካለመቆጣጠር ሕመሞች ጋር ነው የመደበው። እዚያው ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ጭንቀቱ «ኃጢአት ሠራሁ» ከሚል ስሜት ብቻ የመጣ ከሆነ ሕመም አይባልም።

ይህችን ጥንቃቄ ለእኛ አገር ልጆች እጅግ እወዳታለሁ። አንድ ጊዜ አይቶ «አለቀልኝ፣ ተበላሽቻለሁ» እያለ ራሱን የሚጠላ ልጅ አለ። የለሊት ፓኬጅ ገዝቶ እስኪነጋ ሲያይ አድሮ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ፣ ማቆም ፈልጎ ያቃተው ልጅም አለ። ሁለቱን አንድ ላይ «ሱሰኛ» ማለት ሁለቱንም መበደል ነው። «ጉዳት የለውም» ብሎ ሁለቱንም ማሰናበትም እንደዚያው።

ጸሐፊው ግን «ሱስ መሆኑ አልተረጋገጠም» ከሚለው ተነሥተው «ስለዚህ አይጎዳም» ላይ ደረሱ። በመሃል ያለውን ዘለውታል። የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፒተርና ቫልከንበርግ ከ1995 እስከ 2015 (እ.ኤ.አ.) በታዳጊዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው መርምረዋል። ፖርን ማየት «ወንድ አዛዥ፣ ሴት ታዛዥ» ከሚል ዓይነት እምነት ጋር፣ ወሲባዊ ጥቃት ከማድረስም ጥቃት ከሚደርስበት ከመሆንም ጋር ተያይዞ አግኝተውታል። የቱ ምክንያት፣ የቱ ውጤት እንደሆነ ለመደምደም ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግም ራሳቸው ጽፈዋል። እኔም ከዚያ አልፌ አልናገርም። ነገር ግን ጸሐፊው የሚጠይቁት ዓይነት ማስረጃ እንዴት ይመጣል? የ11 ዓመት ልጆችን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ እያሳየ የሚያወዳድር ሐኪም የለም፣ ሊኖርም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካ የጤና ሹም ሲጋራ የሳንባ ካንሰር ያመጣል ብሎ የደመደመው ሰውን በግድ አስጭሶ አልነበረም። የፖርን ማስረጃ የሲጋራውን ያህል ገና አልተከመረም፤ የተከመረው ግን ልጅን እስኪረጋገጥ ዝም ብሎ ለማየት አያስደፍርም።

ከሁሉም ያንገበገበኝ «ቢያንስ ይማሩበታል» የሚለው ነው።

ባዶ ቦታ መኖሩ እውነት ነው፤ ባዶውን የተውነውም እኛ ነን። የሥነ ተዋልዶ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ «ይህን ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ወደ ሚቀጥለው የሚያልፍ መምህር ብዙ ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች መሳቅ ሲጀምሩ ፊቴ ቀላ፣ ገጹን ገለበጥኩት። ኤችአይቪ በየቤቱ በገባበት ዘመን ትምህርት ቤቶች ስለዚህ ጉዳይ በማይክ ያወሩ ነበር፤ ኮንዶም የሚለው ቃል በሰልፍ ላይ ይነገር ነበር። በሽታው የረገበ ሲመስለን ንግግሩንም አብረን ዘጋነው።

ሳጥኑ ውስጥ የሚገቡት ጥያቄዎች ግን አልቆሙም፣ ተለወጡ እንጂ። ስጀምር «የወር አበባ ሲዘገይ ምን ማለት ነው?»፣ «ከንፈር ለከንፈር ኤድስ ያስተላልፋል ወይ?» ነበር የሚጠየቀው። ያለፈው ዓመት፣ ከገና ዕረፍት መልስ፣ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ። ከባለ አራት ማዕዘን የሒሳብ ደብተር የተቀደደች ናት፣ ስምንት ቦታ ታጥፋለች፣ ጽሕፈቱ ክብ ክብና ንጹሕ ነው። እንዲህ ትላለች፦ «ቲቸር፣ የሚወድሽ ሰው አንገትሽን አንቆ ቢይዝሽ ኖርማል ነው? ጓደኞቼ በቪዲዮ ሁሉም እንደዛ ነው አሉኝ።»

ያን ዓርብ ማይኩን አልያዝኩም። አሞኛል ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ጸሐፊው «ይማሩበታል» ሲሉ ይህን ትምህርት አስበውታል? እዚያው የእንግሊዝ የ2025 ጥናት ላይ 58 በመቶው 18 ዓመት ሳይሞላቸው ማነቅን የሚያሳይ ፖርን አይተዋል። ቀደም ሲል በ2023 በወጣው ደግሞ 47 በመቶው «ሴቶች ወሲብ ላይ ማነቅና በጥፊ መምታትን የመሰለ ኃይል ይጠብቃሉ» ብለው መልሰዋል። ይጠብቃሉ የሚለውን ቃል ልብ በሉት። ሴቷም ወንዱም ሳይፈልጉት ሌላው ይፈልገዋል ብለው የሚያስቡበት ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው። የብሪታንያ መንግሥትም በ2025 ማነቅን የሚያሳይ ፖርን በወንጀል እንደሚያስጠይቅ አስታውቋል።

በሚቀጥለው ሳምንት መልስ ሰጠሁ። ስለ ሥነ ምግባር አልጀመርኩም፤ አንገት ውስጥ ምን እንዳለ ነበር የጀመርኩት። ደም ወደ አንጎል የሚወስዱት ሥሮች ከቆዳው ብዙም ሳይርቁ በግራና በቀኝ እንደሚያልፉ፣ እነሱ ሲጫኑ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ሊስት እንደሚችል፣ በውጭ ምንም ምልክት ሳይታይ በውስጥ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል ነገርኳቸው። ከዚያ ደግሞ ቪዲዮው ውስጥ የሌለውን ነገርኳቸው፦ «ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ «አይ፣ ይቅር» ሲባል የሚያቆም የለም፣ እርግዝና የለም፣ ነገ የለም። ለሚታዩት ሰዎች መተወን ሥራቸው ነው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ተገደው ነው። ሜዳው ላይ በዚያ ሰዓት ኳስ የሚመታ ልጅ አልነበረም። መፍራቴ ለብቻዬ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ፤ እነሱም አንድ ሰው እስኪናገርላቸው ሲጠብቁ ኖረዋል።

«የወንድ ልጆች ጉርምስና ነው» ለሚለው ከዚያች ብጣሽ ወረቀት የተሻለ መልስ የለኝም። የጻፈቻት ሴት ልጅ ናት።

ወደ እገዳው ልምጣ። ጸሐፊው የእንግሊዝን ሕግ እንደ ማስረጃ ያመጣሉ፤ ከሐምሌ 25 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፖርን ድረ ገጾች የተጠቃሚውን ዕድሜ እንዲያረጋግጡ ሲገደዱ ሕዝቡ እገዳን የሚያሳልፈውን ቪፒኤን ለማውረድ ተሯሯጠ፣ ሕጉም ከሸፈ ይላሉ። መሯሯጡ እውነት ነው፣ የቪፒኤን መተግበሪያዎች በዚያ ሳምንት የማውረጃ ዝርዝሩን አናት ይዘው ነበር። ያልጠቀሱት ግን አለ፦ የድረ ገጾችን ጎብኚ የሚቆጥረው ሲሚላርዌብ እንዳለው በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእንግሊዝ ፖርንሀብ ወደሚባለው የፖርን ድረ ገጽ የሚገባው ሰው በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ከቀነሰው ውስጥ ከፊሉ በቪፒኤን ዞሮ የገባ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ አልወስደውም። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ቪፒኤን የሚያወርድ ልጅ ፈልጎ የሄደ ልጅ ነው። የእኛ ልጆችም ቪፒኤንን ያውቁታል፤ በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ገደማ ተገድበው ሳለ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ለእናቱ ሲጭንላት አይቻለሁ። ፈልጎ የሚሄደውን የ17 ዓመት ጎረምሳ በር ዘግቶ ማስቆም እንደማይቻል እስማማለሁ። በሩ የሚጠቅመው ሳይፈልግ ለሚመጣበት ለዚያ የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ቪፒኤን አይጭንም።

«ኢንተርኔት አይገራም» የሚለውም ቢሆን ገንዘብ ሲነካ እውነት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ፖርንሀብ ላይ የተደፈሩና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ሰዎች ቪዲዮ እንዳለ በጋዜጣ ሲጋለጥ፣ የክፍያ ካርድ ድርጅቶቹ ቪዛና ማስተርካርድ ክፍያ አቆሙ። በዚያው ወር ድርጅቱ ማንነታቸው ባልተረጋገጠ ሰዎች የተጫኑ ቪዲዮዎችን አወረደ፤ ከ13 ሚሊዮን ገደማ ውስጥ 4 ሚሊዮን የማይሞላ ቀረ። ለዓመታት «አይቻልም» ሲባል የነበረው በቀናት ተቻለ። የእኛም አገር ሕግ ዝም አላለም፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 12 ላይ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ወሲባዊ ምስልና መልእክት እየላኩ ማባበልን በወንጀል ያስጠይቃል። ይህን አንቀጽ የሚያውቅ ወላጅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። የለሊት ፓኬጅ የሚሸጥልን ቴሌኮም ደግሞ የተጣራ የልጅ ፓኬጅም ሊሸጥልን ይችላል። እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ፦ የዚያችን የቴሌግራም ሴቲንግ «ሁሉም» ከሚለው ወደ «የማውቃቸው» መቀየር፣ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ማጥፋት፣ የክፍል ግሩፕ ውስጥ የማይታወቅ አካውንት ሲገባ ማስወጣት። እኛ ትምህርት ቤት ሦስቱን ለማስተካከል በየክፍሉ ከአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ በላይ አልፈጀብንም።

የመጨረሻው «ለወላጅ ተዉት» የሚለው ነው። ለየትኛው ወላጅ? የዚያ ልጅ አባት ያደረገውን አየን። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ደንግጦ ነው፤ እሱንም በልጅነቱ ያነጋገረው የለም። ልጁ ግን ከዱላው አንድ ነገር ተማረ፦ የመጣብህን ከተናገርክ ትመታለህ፣ ስልክህም ይሄዳል። በሚቀጥለው ጊዜ አይናገርም።

እናትየዋ «ታዲያ ምን ልበለው ቲቸር? እኔ እኮ እንዲህ ያለ ነገር በአፌ አውጥቼ አላውቅም» አለችኝ። ወረቀት ላይ ጻፍኩላት፦ አንተ አላጠፋህም። አልቆጣህም። ያየኸው የሰው ፍቅር አይደለም። የማይገባህ ነገር ካለ እኔን ጠይቀኝ። እናትየዋ ወረቀቱን አጣጥፋ፣ ደብዳቤ አስመስላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በሦስተኛው ቀን ማታ ደወለችልኝ። ፊት ለፊት ማለት አልቻለችም። ሽንኩርት እየከተፈች፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ አንዱን ከአንዱ ሳታስተካክል ነው ያለችው። ልጁ ምንም አልመለሰም። ትንሽ ቆይቶ ግን ብርድ ልብሱን ጥሎ ተነሣ፣ በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ነጭ ሽንኩርቱን መላጥ ጀመረ።